የግራው ፔዳል

የልጅነት ሽታ ሲመጣ የሰው ሆድ ይባባል ይባላል። የእኔ ደም ነው የሚፈላው።

አምና ለዘመድ ሠርግ መቱ ሄጄ የተሳፈርኩባት ባጃጅ መንገድ ላይ ተበላሸች። ሹፌሩ "አምስት ደቂቃ ብቻ፣ እትዬ" ብሎ አንዲት የቆርቆሮ ጋራዥ በር ላይ አቆመኝ። ውስጥ አንድ ጎረምሳ ለሁለት በተቆረጠ ጀሪካን ነጭ ጋዝ ሞልቶ ብረታ ብረት ያጥባል፤ ከጎኑ ክዳኑ የተከፈተ የግራሶ ጣሳ ተቀምጧል። ሁለቱ ሽታዎች ተቀላቅለው መጡና አፍንጫዬን ሞሉት። አምስቱ ደቂቃ ሠላሳ ሆነ። ሹፌሩ ልቆጣው ነው ብሎ ይሽቆጠቆጣል፤ እኔ ግን በእሱ አልነበረም የተቆጣሁት። የተቆጣሁት ሰባተኛ ክፍል ሳለሁ በተደረገ ነገር ነበር። ይህን ያህል ዘመን? የሚለኝ አይጠፋም። አዎ፣ ይህን ያህል ዘመን። የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም።

አባቴ መምህር ታደሰ የሚያስተምረው ከመቱ ወጣ ብሎ፣ በዳሪሙ አቅጣጫ ባለ የገጠር ትምህርት ቤት ነበር። በእግር አንድ ሰዓት ተኩል ያስኬዳል። ለዚህ ብሎ የገዛት ጥቁር፣ ከባድ፣ ከኋላዋ ዕቃ መጫኛ ያላት ሳይክል ነበረችው። ዳገቱ ላይ ወርዶ እየገፋትም ቢሆን መንገዱን በግማሽ ታሳጥርለት ነበር። የምንኖረው አራት ቤተሰብ በተከራየበት ግቢ ውስጥ ነው፤ ሳይክሏ የምታድረው በረንዳ ላይ። የግቢው ጎረምሶች አመሻሽ ላይ ሳይጠይቁ ይዘዋት እየወጡ አንድ ቀን የፊት ጎማዋን አጣመው መለሷት። ሰንሰለት ተገዛላት፤ ቁልፉ ጠፋ። በመጨረሻ አባቴ የራሱን ዘዴ ፈጠረ፤ ሲመሽ ሁለቱን ፔዳሎች ፈትቶ ቤት ማስገባት። "ፔዳል የሌለው ሳይክል ግትር በግ ነው፤ ጎትቶ የሚወስደው ካለ ይውሰደው" ይል ነበር።

ይህ ሥራ የእኔ ሆነ። ወንድሜ ገና ዳዴ ይላል፤ ሌላ ልጅ የለም። ጎረቤታችን እትዬ ፋንታዬ "ለሴት ልጅ ደግሞ መፍቻ?" ብለው ሲገረሙ አባቴ "ብሎኑ ማን እንደፈታው አይጠይቅም፣ እትዬ ፋንታዬ" አላቸው። ያን ቀን ከእኔ በላይ የኮራ ሰው በከተማው አልነበረም።

ያስተማረኝ አንድ ምሽት ብቻ ነው፤ ከዚያ በኋላ እጄ ራሱ ያውቀው ነበር። "የመፍቻውን ጫፍ ወደ ሰማይ አቁሚው" አለኝ። "ወደ ፊት ጎማ ከገፋሽው ይጠብቃል። ወደ ኋላ ጎማ ከሳብሽው ይፈታል። በቀኝም በግራም ይኸው ነው።" ሌላ ነገር አልነገረኝም። እኔም በቀኝ በኩል ያለው ፔዳል እንደማንኛውም ብሎን ሲጠብቅ፣ በግራ ያለው ግን በተቃራኒው እንደሚጠብቅ አላስተዋልኩም። እግር ሲረግጠው ዞሮ ዞሮ እንዳይፈታ ተብሎ እንዲያ እንደተሠራ ያወቅኩት በኋላ ነው። ያኔ የዓለም ብሎን ሁሉ የፊት ጎማ ወዴት እንደሆነ የሚያውቅ ይመስለኝ ነበር። አልጋችን ሲንቋቋ እናቴ "እስቲ ብሎኑን አጥብቂው" ብትለኝ ዞር ዞር ብዬ አልጋው ፊቱ ወዴት እንደሆነ ስፈልግ ቆሜያለሁ።

ፔዳሎቹ ወንድና ሴት ነበሩ። በዘንጋቸው ጫፍ ላይ አንዳንድ የቁቤ ፊደል ተቀርጾባቸዋል፤ በግራው ላይ ኤል፣ በቀኙ ላይ አር። እኛ የምንማረው በኦሮምኛ ስለሆነ ፊደሎቹ አልከበዱኝም። ግራና ቀኝ ማለት እንደሆኑ ግን ማን ነግሮኝ? ከእኔ ጋር አንድ ዴስክ ላይ የሚቀመጡት ሌንሳና ረጋሳ ነበሩና የግራውን ሌንሳ፣ የቀኙን ረጋሳ ብዬ ሰየምኳቸው። ማታ ፈትቼ፣ አሸዋቸውን ጠርጌ፣ በአሮጌ የነጠላ ቁራጭ ጠቅልዬ መደርደሪያው ሥር አስተኛቸዋለሁ። ጠዋት ጥርሳቸውን በጣቴ ጫፍ ግራሶ ቀባ አድርጌ፣ መጀመሪያ በእጄ ብቻ፣ ኋላ በመፍቻ እመልሳቸዋለሁ። በእጅ እሺ ካላለ በመፍቻ አይገደድም፤ ይህ ሕግ ነበር። አባቴ ሻዩን ይዞ በረንዳው ላይ ቆሞ ያየኛል። ስጨርስ አንዴ ይረግጠውና "ጸና" ይላል። ያቺ "ጸና" የቀኔ መጀመሪያ ነበረች። እጄ ጋዝ ጋዝ እየሸተተ ትምህርት ቤት ስገባ ሌንሳ ትሸሸኛለች፤ እኔ ግን ሆን ብዬ በደንብ አልታጠብም።

ቃልም ገብቶልኝ ነበር። "እስከ ክረምት አንድ ቀን ሳታጓድዪ ከያዝሽልኝ፣ ክረምት ላይ ሳይክል መንዳት አስተምርሻለሁ።" በዚያ ጊዜ መቱ ውስጥ ሳይክል ስትነዳ ያየኋት ሴት አንዲት የጤና ጣቢያ ሠራተኛ ብቻ ነበረች፤ ስታልፍ ሰው ሥራውን ትቶ ያያታል። ሁለተኛዋ እኔ ልሆን ነው። ይህን ለሌንሳ ነገርኳት፤ ለረጋሳም ነገርኩት፤ ለወፍጮ ቤቱ ዘበኛ ሳይቀር ነገርኩ።

ፋሲካ ላይ ጋሼ አሥራት ከበደሌ መጣ።

ጋሼ አሥራት የእናቴ ታላቅ ወንድም ነው። ፊት ለፊት እርስዎ እለዋለሁ፤ እዚህ ግን እሱ እያልኩ ነው የማወራው፤ ታላላቆቼ ይቅር ይበሉኝ። አባታቸው ሲሞት እናቴን ያሳደጋትም የዳራትም እሱ ነው። ስለዚህ ቤታችን ሲመጣ ወንበሩ የእሱ፣ ሬዲዮው የእሱ፣ ወሬውም የእሱ ነው። ሠላሳ ዓመት የጭነት መኪና ነድቷል፤ ከያዮ ቡና ጭኖ በዚያ ጭቃ ውስጥ ያሳለፈውን መከራ ቢያወራ አያልቅበትም። ስለ ብረት ከተነሣማ ሌላ ሰው አፉን እንዲከፍት አይፈቀድለትም። እትዬ ፋንታዬ የምጣድ ክዳን እጀታ ቢወልቅባቸው ለእሱ ነው የሚያመጡት። እንግዳ መጀመሪያ ቀን ወርቅ፣ ሁለተኛው ቀን ብር፣ ሦስተኛው ቀን ጨርቅ ይባላል፤ የእኛ ግን በሦስተኛው ቀንም ወርቅ እንደሆነ ነበር።

በሦስተኛው ቀን፣ ማክሰኞ፣ አባቴ በእግሩ ዘመድ ጥየቃ ወጥቷል፤ ትምህርት ስለሌለ ፔዳሎቹ እንደተፈቱ ናቸው። እናቴ የጎረቤት ሰሃን እንድመልስ ልካኝ ስመለስ ጋሼ አሥራት በረንዳው ላይ ቁጢጥ ብሎ አየሁት። ሳይክሏ ግድግዳ ተደግፋለች። የነጠላው ቁራጭ መሬት ላይ ተዘርግቷል። በመፍቻው ጫፍ ላይ ጉልበት እንዲጨምርለት የውኃ ቧንቧ ቁራጭ ሰክቶ በሁለት እጁ ይጫናል፤ ብረቱ ጪር፣ ጪር ይላል። ያን ድምፅ ከዚያ በፊት ከሳይክላችን ሰምቼው አላውቅም ነበር። ጠጋ ብዬ ሳይ በግራ በኩል እየገባ ያለው ረጋሳ ነው።

"ጋሼ፣ እሱ እኮ የግራው አይደለም" አልኩት።

"ምን አልሽ?"

"ተቀያይረዋል። ይሄ ረጋሳ ነው።"

"ረጋሳ ማነው ደግሞ?" ብሎ ዙሪያውን ተመለከተ። ከዚያ ፔዳሉን እንደማለቴ ሲገባው ሳቀ፤ ሳቁ ግን ወዲያው ጠፋ። "አንቺ ልጅ፣ ብሎን እኔን ልታስተምሪኝ ነው? ሂጂ ወደ ጓዳ!"

ሄድኩ። ምን ላድርግ? በመስኮት ግን አየሁት። ረጋሳን እያስጮኸ ቀረቀረው። ቀጥሎ ሌንሳን በቀኝ በኩል ሊገጥማት ሞከረ፤ አልነክስ አለችው። ቢያዞራት ወደ ውጭ ትወጣለች፣ ቢያዞራት ወደ ውጭ ትወጣለች። "ይሄማ ጭራሽ ጥርሱ አልቋል" እያለ ለራሱ ሲያጉረመርም ሰማሁት። በመጨረሻ ሌንሳን ጨርቁ ላይ ወርውሮ፣ እጁን በሱሪው ጠርጎ፣ ሊሄድበት ወዳሰበው ቦታ በእግሩ ሄደ።

አባቴ ወደ አሥራ አንድ ሰዓት ገደማ መጣ። ቤቱ በበዓል ሰው ሞልቷል፤ እትዬ ፋንታዬና ባላቸው፣ ከጎሬ የመጡ ሁለት የእናቴ ዘመዶች፣ ጋሼ አሥራትም ከሄደበት ተመልሶ ወንበሩ ላይ። አባቴ በረንዳው ላይ ቆም አለ። ረጋሳ በግራ በኩል ዘመም ብሎ እንደተቀረቀረ ነው። መፍቻውን አንሥቶ ብዙ ታግሎ ነቀለው። ከዚያ ገባና "ማነው ይህን የነካው?" አለ።

"እኔ ልገጥመው ሞክሬ ነበር" አለ ጋሼ አሥራት ረጋ ብሎ። "ግን ታደሰ፣ አትቆጣኝና፣ ጥርሱ ድሮ አልቋል። አንደኛው በስንት መከራ ገባ፤ ሌላው ጭራሽ አይዝም። ሕፃን በየቀኑ ብሎን ሲፈታና ሲገጥም ብረትስ ምን ያድርግ? የልጅ መጫወቻ አደረጋችሁት እኮ።"

ሰው ሁሉ ወደ እኔ ዞረ። ሻይ ይዤ ቆሜ ነበር።

"ውሸት ነው!" አልኩ። "እርስዎ ነዎት ያበላሹት! ተቀያይረዋል ብዬ ነግሬዎት ነበር!"

እትዬ ፋንታዬ አፋቸውን በእጃቸው ያዙ። ታላቅን፣ ያውም እንግዳን፣ ያውም በፋሲካ፣ ያውም እናቴን ያሳደገን ሰው "ውሸት ነው" ብዬዋለሁ። ጋሼ አሥራት ቢጮህ ይሻል ነበር። እሱ ግን ቀስ ብሎ ተነሥቶ ጋቢውን አነሣ። "እህቴ ቤት የመጣሁት በሕፃን ልሰደብ አይደለም" አለ። እናቴ ሮጣ በሩ ላይ ቆመች፤ ዓይኗ እንባ ሞልቷል።

አባቴ ወደ በረንዳው ተመለሰ። ፔዳሉን የሚይዘው የብረት ክንድ ላይ ጎንበስ ብሎ የቀዳዳውን ውስጥ በጣቱ ዳበሰው። ጣቱን ሲያወጣው የብረት ብናኝ ያብለጨልጭበታል፤ ከቆምኩበት ይታየኛል። ጣቱን ብዙ ሰዓት አየው። ከዚያ እኔን አየኝ። ከዚያ ጋሼ አሥራትን። አሁን ይናገራል አልኩ። መምህር አይደል? ብናኙ ትኩስ እንደሆነ፣ እኔ ደግሞ እንዲህ ያለ ጉልበት እንደሌለኝ ይናገራል አልኩና ትንፋሼን ለቀቅኩት።

"ትዕግሥት" አለኝ። "ነይ የጋሼን ጉልበት ሳሚ።"

ሳምኩ። ሱሪው በጠረገበት ቦታ ላይ ግራሶ ነበረበት፤ የእኔው ግራሶ፣ በየማለዳው በጣቴ የምቀባው። አፍንጫዬ ላይ ቀረ። ጋሼ አሥራት ራሴን ዳበሰኝና "ልጅ አይደለች፣ ምን ታውቃለች" አለ። ሁሉም "እደጊ፣ እደጊ" አሉኝ። ጋቢው ተመልሶ ወንበር ላይ ተቀመጠ፤ ጠላ ተቀዳ፤ በዓሉ ቀጠለ።

ይህን ልማድ አውቀዋለሁ፤ እናንተም ታውቁታላችሁ። ትልቅ ሰው ሲሳሳት ስህተቱ የሚራገፍበት ቦታ ይፈለጋል፤ ቤት ውስጥ ካለው ሁሉ ዝቅ ያለ ትከሻ ያለው ልጅ ነው። ልጅ ቢወቀስ አይዋረድም፤ ልጅ ነገ ይረሳዋል፤ ልጅ ምን ታውቃለች። ይህን የፈጠረው ሰው ማን እንደሆነ አላውቅም፤ ልጅ ሆኖ እንደማያውቅ ግን እርግጠኛ ነኝ።

በማግስቱ መፍቻው ቁም ሳጥን ላይ፣ እጄ ወደማይደርስበት ተሰቀለ። ስለ ክረምቱ ቃል ማንም አላነሣም። በግቢው ውስጥ ስሜ "ፔዳል በሊታ" ሆነ። ወሬው ትምህርት ቤት ሲደርስ ወደ ኦሮምኛ ተተረጎመና ሌንሳና ረጋሳ፣ እውነተኞቹ፣ ገና ከበሩ ስገባ "ፔዳላ ኛቴ! ፔዳል በላች!" እያሉ ይቀበሉኝ ጀመር። የወፍጮ ቤቱ ዘበኛ ሳይቀር "እህ፣ ሳይክሉስ?" ይለኛል።

የከፋው ግን እሱ አልነበረም። በእኛ ሀገር ዝናብ ክረምትን አይጠብቅም። አባቴ በጠዋት ቦቲ ጫማውን አጥልቆ በእግሩ ይሄዳል፤ ማታ እስከ ጉልበቱ ጭቃ ሆኖ ይመለሳል። ቦቲውን ማጠብ አዲሱ ሥራዬ ሆነ። የዳሪሙ መንገድ ጭቃ ቀይና ሙጫ ነው፤ በእንጨት ካልፋቁት አይለቅም። አንድ ሳምንት አተኩሶት ተኛ። እናቴ ሾርባ እየሰጠችው አንዴ ብቻ ወደ እኔ አየችና ፊቷን መለሰች። ያን ጊዜ ነው መጠራጠር የጀመርኩት። ምናልባት እኔ ሆኜ ይሆን? ምናልባት ግራሶው አንሶ፣ ምናልባት አንድ ቀን ቸኩዬ ይሆን? በዓይኔ ያየሁትን፣ በጆሮዬ የሰማሁትን እኔው ራሴ መካድ ጀመርኩ። ቦቲውን እየፋቅኩ "ይቅርታ አባዬ" ብዬ ለጫማው አውርቼለታለሁ። ይቅር ያላልኩት ይህን ነው። ስድቡንስ ተዉት።

የተበላሸው ክንድ ተነቅሎ ከነፔዳሎቹ ጋሼ ሸምሱ ሱቅ ተሰቅሎ ነበር። ጋሼ ሸምሱ ከስልጤ አገር የመጣ የሳይክል ጠጋኝ ነው፤ በገበያው ዳር አንዲት ክፍል አለችው። መለዋወጫው ከጅማ እስኪመጣ እየተባለ ሳምንታት አለፉ። ከትምህርት ቤት ስወጣ እየሄድኩ በሩ ላይ እቆም ጀመር። መጀመሪያ አላየኝም፤ በሦስተኛው ቀን የነጭ ጋዙን ጀሪካን በእግሩ ወደ እኔ ገፋ አደረገና "ከቆምሽ አይቀር እጠቢ" አለኝ።

እሱ ጋ ፔዳል ሆዱ ምን እንደሚመስል አየሁ። የጫፉ ክዳን ይነሣል፤ ከሥሩ ትንሽ ብሎን አለች፤ ከእሷ ሥር ቀለበት የመሰለችው ሮንዴላ፤ ከዚያ ዘንጉ ይወጣና ጤፍ የሚያካክሉ ሳይሆን ምስር የሚያካክሉ የብረት ፍሬዎች ጋዙ ውስጥ ይንጠባጠባሉ። ጋሼ ሸምሱ የፈታውን ሁሉ በፈታበት ተራ ሽቦ ላይ ይሰካል፤ ሲመልስ ከሽቦው በተቃራኒው እያወጣ ነው። "የፈታሽበትን ካላወቅሽ አትፍቺ" ይል ነበር። ፍሬዎቹ ንጹሕ ግራሶ ላይ አንድ በአንድ ይደረደራሉ፤ ግራሶው ይዞ ያቆያቸዋል። ሌንሳን ራሴ ፈትቼ ራሴ ገጠምኳት። በጣቴ ባሽከረክራት ድምፅ ሳታሰማ ዞረች፣ ዞረች፣ ዞረች።

ያን ቀን ደፈርኩ። ምስማር ላይ የተሰቀለውን ክንድ አሳየሁትና "ጋሼ ሸምሱ፣ ይህን እኔ ነኝ ያበላሸሁት?" አልኩት።

አወረደው። ቀዳዳውን ወደ ብርሃን አዞረልኝ። "ተመልከቺ። የድሮው ጥርስ ወደዚህ ያጋደለ ነው፤ አዲሱ በላዩ ላይ ወደዚያ ቆርጦታል። የቀኝ ፔዳል በግራ ገብቶ ነው። ደግሞ ይህን ያደረገው የልጅ ክንድ አይደለም፤ መሪ ሲጠመዝዝ የኖረ ክንድ ነው።"

ማልቀስ ጀመርኩ። እየሳቅኩ ነበር የማለቅሰው። "ታዲያ ለአባዬ ይንገሩልኝ! ዛሬውኑ ይንገሩልኝ!"

ጋሼ ሸምሱ ክንዱን መልሶ ሰቀለው። "አባትሽ መምህር ነው፣ ኢንታላ ኮ" አለ፤ ደስ ሲለውም ሲከፋውም ልጄ የሚለኝ በኦሮምኛ ነው። "ዓይን አለው።"

"አላየማ!"

"እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል።"

"ስንት ቀን አድሮ?"

"ወይ ጉድ፣ ትዕግሥት ብሎ ስም ያወጣልሽ ማነው?" ብሎ ሳቀና ወደ ሥራው ዞረ። እኔም አባትሽ ዓይን አለው ማለቱ አንድ ቀን ሱቁ መጥቶ ክንዱን ያያል ማለቱ መሰለኝ። ክረምቱን በሙሉ ያን ቀን ጠበቅኩ።

አዲሱ ክንድ የመጣው ነሐሴ መጨረሻ ነው። አባቴ ፔዳሎቹን ራሱ ገጠመ፤ እኔ ከቤት ሆኜ ሰማሁ። "ጸና" አላለም።

መስቀል ደረሰ። ጋሼ አሥራት ከበደሌ መጣ፤ እነዚያው ሰዎችና ሌሎች እንግዶች በዚያው ቤት ተሰበሰቡ። ጋሼ ሸምሱም ስለ ክንዱ ተብሎ ተጠርቶ ጥግ ላይ ለስላሳ ይዞ ተቀምጧል። ምሳ አልቆ ጨዋታ ደርቶ ሳለ ጋሼ አሥራት በበሩ በኩል ሳይክሏን አየና ሳቀ። "ድናለች ማለት ነው? በሉ ፔዳል በሊታዋን ከአጠገቧ አርቁልን!" ከዚያ ታሪኩን ለማያውቁት ይተርክ ጀመር። የእጄን ትንሽነት በጣቱ ያሳያል። ሰዉ ሳቀ። እናቴ ሳቀች። አባቴ ጫማውን እያየ ፈገግ አለ።

ያቺን ፈገግታ ባላያት ኖሮ ዝም እል ነበር። ወንበር ጎትቼ ወጣሁና መፍቻውን ከቁም ሳጥኑ ላይ አወረድኩ። ጋሼ አሥራት ፊት ቆሜ በሁለት እጄ፣ ልክ እንደ ጨዋ ልጅ፣ አቀረብኩለት።

"ጋሼ፣ እባክዎ የግራውን ፔዳል ይፍቱልኝ" አልኩ።

"እኔ?" አለ።

"እርስዎ ብሎን ያውቁ የለ።"

"እስቲ፣ እስቲ" አሉ ሰዎቹ። ነገሩን እንደ ጨዋታ ነው የያዙት። እሱም እየሳቀ ጋቢውን ወደ ትከሻው መልሶ ወጣ፤ ሁሉም በር ላይ ተከማቹ። መፍቻውን አስገባ። የዓለም ብሎን ሁሉ እንደሚፈታ አድርጎ ሳበው። አልተነቃነቀም። እግሩን አንፈራጦ በደንብ ሳበው። እያንዳንዱ መሳብ የበለጠ ያጠብቀዋል። አንገቱ ላይ ሥሩ ተገተረ። "ይሄ ዝጓል" አለ። አዲሱ ክንድ ጪር አለ።

"ይተዉት!" ብዬ ጮህኩ። "ሊሰብሩት ነው!" ከእጁ መፍቻውን ነጠቅኩት። ጫፉን ወደ ሰማይ አቆምኩት፤ ግድግዳውን በእግሬ ተደግፌ በሙሉ ሰውነቴ ወደ ኋላ ጎማ ሳብኩት። ቀጭ ብሎ ለቀቀ። ከዚያ መፍቻውን ጥዬ በጣቴ ብቻ አሽከርክሬ አወጣሁትና ሌንሳን በሁሉም ፊት ከፍ አደረግኳት።

ማንም አልሳቀም። ጋሼ ሸምሱ የለስላሳውን ጠርሙስ ያያል።

መጀመሪያ የተናገረችው እናቴ ነች። "አንቺ ርጉም! በሰው ፊት ታላቅ ታዋርጂያለሽ? ነይ ጉልበት ሳሚ!" እትዬ ፋንታዬ ተቀበሏት፤ "ሳሚ ልጄ፣ ሳሚ፣ ነገር በይቅርታ ነው የሚያልፈው።" ከጎሬ የመጡት ዘመዶችም "ሳሚ፣ ሳሚ" ማለት ጀመሩ። እውነቱ ዓይናቸው ሥር፣ በእጄ ላይ ነው፤ እነሱ ጉልበት ሳሚ ይሉኛል።

"አትስምም" አለ አባቴ።

ድምፁ ቀጭን ነበር። ሁሉም ወደ እሱ ዞሩ።

"ልጄ አትስምም። ፋሲካ ላይ ያሳምኳትም እኔ ነኝ፤ ጥፋቱ የእሷ እንዳልነበረ ያኔም አውቅ ነበር። ብናኙን አይቻለሁ። ማግስቱን ሸምሱን ጠይቄ አረጋግጫለሁ። በዓሉ እንዳይበላሽ ብዬ ነው፣ ጋሽ አሥራት። እርስዎን ላለማሳፈር ብዬ ነው።"

ጋሼ አሥራት ፊቱ ተለዋወጠ። አንዴ ፔዳሉን፣ አንዴ የራሱን መዳፍ አየ። እኔ የሚሳደብ መስሎኝ ነበር።

"ግራው እንዲህ እንደሚዞር እኔ በእግዜር አላውቅም ነበር" አለ። "ልጅቷ ያበላሸችው ነው የመሰለኝ፤ ከልቤ። አንተ ግን ታውቅ ነበር?" ወደ አባቴ አንድ እርምጃ ተራመደ። "እያወቅክ ነው ይህችን ልጅ እግሬ ላይ ያስደፋሃት? ጆሮዬ ላይ አንድ ቃል ብትነግረኝ ምን ነበረበት?"

አውቆ የተኛን ቢጠሩት አይሰማም ይባላል፤ እኔ ክረምቱን በሙሉ የተጣራሁት አውቆ የተኛን ሰው ኖሯል። ጋሼ አሥራት ጎንበስ ብሎ ግንባሬን ሳመኝ፤ እሱን ያን ቀን ይቅር አልኩት፤ ምንም አልከበደኝም። ያላወቀ ሰው ነዋ። ቦቲውን እያጠብኩ ለጫማ ይቅርታ ስጠይቅ ግን አልጋው ላይ ሆኖ ይሰማኝ የነበረው፣ ሌንሳና ረጋሳ ሲያላግጡብኝ አልቅሼ ስመጣ ራት የበላው፣ ያ ሰው ያውቅ ነበር።

ሰዎቹ ቀስ በቀስ ወደ ቤት ተመለሱ። አባቴና እኔ በረንዳው ላይ ቀረን። መፍቻውን ከመሬት አነሣና አፈሩን በሸሚዙ ጠርጎ ሰጠኝ።

"በይ ግጠሚያት" አለኝ። "ነገ ሜዳ እንወጣለን። አስነዳሻለሁ።"

መፍቻውን አልተቀበልኩትም። ሌንሳን መዳፉ ላይ አስቀመጥኩለት።

"አንተ ግጠማት፣ አባዬ" አልኩት። "አንተ ታውቅ የለ።"